የእርሻ መሬትዎ «ለመኖሪያ ቤት ልማት ይፈለጋል» ሲባል፦ ከወሬው እስከ ፍርድ ቤት ደረጃ በደረጃ

አጎቴ በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ነው። ማሳው ከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ «ለመኖሪያ መንደር ይፈለጋል» ይላል። ቀኑን አየሁት፤ ከተጻፈ 34 ቀን ሆኖታል። አቤቱታ አስገብቶ እንደሆነ ስጠይቀው «ሊቀመንበሩን አነጋግሬዋለሁ፤ እናያለን ብሎኛል፣ ልጄ» አለኝ።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እንዲህ ነው። መብት ስለሌለው ሳይሆን ቀን ስላሳለፈ፣ ወይም የቃል ተስፋ ይዞ ስለተቀመጠ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት

የሕግ ወረቀቶቹን ያሟሉ። ዋናው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት፣ ስለ ካሣ እና ስለ ተነሺዎች መልሶ መቋቋም የወጣ። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1336/2016 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። የካሣ አሠራሩ በደንብ ቁጥር 472/2012 አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 እና የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ በደረጃ 3 ያስፈልጉዎታል። ክልልዎ ያወጣውን መመሪያም ይጠይቁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች ከአዋጅ 1161 ናቸው። በማሻሻያው ወይም በክልልዎ መመሪያ ሌላ ቀን ካገኙ ሁልጊዜ አጭሩን ይያዙ። ቀድሞ በማስገባት የተጎዳ ሰው የለም።

ምን እንደሚከራከሩ ይወስኑ። እውነቱን ልንገርዎ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ያለው ይዞታ ነው። ስለዚህ «ይህ ልማት ለሕዝብ አይጠቅምም» የሚለው ክርክር ልብ ያሞቃል እንጂ ብዙ ርቀት አይሄድም። የሚያዋጡት አራት ናቸው፦ መሬቱ በእርግጥ በፕላኑ ውስጥ ነው ወይ፣ ሥርዓቱ ተጠብቋል ወይ፣ ልኬታውና ቆጠራው ትክክል ነው ወይ፣ ካሣው በሕጉ መሠረት ተሰልቷል ወይ። ጉልበትዎን እዚህ ላይ ያውሉት።

ደላላን ያርቁ። ወሬው እንደተሰማ «ሳይወሰድብህ ሽጠው» የሚል ሰው በር ያንኳኳል። በመንደር ውል የተሸጠ የእርሻ መሬት ውሉ በሕግ አይጸናም። ገዢው ቤት ሠርቶ ይፈርስበታል፤ እርስዎም ካሣ ሲመጣ ከገዢው ጋር ሌላ ክስ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

## ደረጃ 1፦ ወረቀት መሰብሰብ (ወሬ በሰሙ ቀን)

ችካል እስኪተከል አይጠብቁ። አንድ ክላሰር ገዝተው የሚከተሉትን ያስገቡ።

1. የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ኦሪጅናሉና ሁለት ኮፒ።
2. ያለፉት ዓመታት የመሬት መጠቀሚያ ግብር ደረሰኞች።
3. የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ደረሰኞች፣ እህል ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሸጡበት ወረቀት።
4. የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የመዘገበው የምርት መጠን፣ የሦስት ዓመት።
5. የጋብቻ ወይም የወራሽነት ማስረጃ።
6. የማሳው፣ የዛፉ፣ የአጥሩ፣ የጉድጓዱ፣ የእርከኑ ፎቶ። ስልክዎ ቀን እንዲያሳይ ያድርጉት።

አራተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። በኋላ ግን ብሩን የሚወስነው እሱ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ ያዩታል።

ስም ካልገጠመ? ደብተሩ ላይ «ወልደማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ወልዴ» ከሆነ አሁኑኑ ያስተካክሉ። ከቀበሌ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ ያውጡ። ካሣ በሚከፈልበት ቀን ይህን ማሯሯጥ አንድ ወር ያስበላል።

ደብተሩ በሟች አባት ስም ከሆነ? መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ወንድምና እህት ተጣልታችሁ ከሆነ አሁን ታረቁ። በወራሾች መካከል ክርክር ካለ ክፍያው ይያዛል።

የእኩል አራሽ ወይም ተከራይ ከሆኑ? እርስዎም ጥቅም አለዎት። ማሳው ላይ ያለው ሰብል የእርስዎ ከሆነ በራስዎ ስም ማመልከት ይችላሉ። ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት።

ፋይልዎ ከወረዳ ወደ ማዘጋጃ እየተዛወረ ከሆነ? ከተማው ድንበሩን ሲያሰፋ የሚሆነው ነው። ወረዳው «ወደ ከተማ ልከነዋል»፣ ከተማው «አልደረሰንም» ይላል፤ እርስዎ መሀል ላይ ይቀራሉ። ሳይዛወር በፊት የፋይልዎን ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ከወረዳው ያውጡ።

## ደረጃ 2፦ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆኑ መለየት

ወሬ፣ ችካል፣ ስብሰባ፣ ቆጠራ፣ ደብዳቤ፣ ክፍያ፣ ዶዘር። አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ወሬ ላይ ከሆኑ ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ። ደብዳቤ ከደረስዎ ሌላውን ሁሉ ትተው ደረጃ 6ን ያንብቡ፤ ከዚያ ይመለሱ።

## ደረጃ 3፦ ፕላኑን በጽሑፍ መጠየቅ

ማሳዎ ለመኖሪያ የተመደበው በፕላን ነው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዕድሜ አለው፤ ከሥሩ ዝርዝሩን የሚያሳይ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ለከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ማመልከቻ ይጻፉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦

- ማሳዬ በፕላኑ ለምን አገልግሎት ተመደበ?
- ፕላኑ መቼ፣ በማን ጸደቀ?
- ከመጽደቁ በፊት የተደረገው የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤ የት አለ?

ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ ያድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ያለ ማኅተም አይውጡ። «አስቀምጠውና ሂድ» ቢሉዎት በትሕትና ቆመው ይጠብቁ።

ለምን ይህን ያህል? አንዳንዴ ማሳው ጭራሽ በፕላኑ ውስጥ አይገኝም። ወይም ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ለመኖሪያ እየተወሰደ ነው። ይህን ካገኙ ክርክርዎ ከካሣ ወደ ሥርዓት ይሸጋገራል፤ በጣም ጠንካራው ደግሞ እሱ ነው። ፕላኑ ገና ረቂቅ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ ውይይቱ ላይ ተገኝተው ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያስመዝግቡ። ከጸደቀ በኋላ ፕላን ማስቀየር ዳገት ነው።

ራስዎ ማልማት እንደሚፈልጉም እዚሁ ይጠይቁ። አዋጅ 1161 መልሶ እንዲለማ በተወሰነ አካባቢ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ይዞታውን ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ሰምቶት አያውቅም። ቢሮው «አንተን አይመለከትም» ቢል እንኳ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። አቅም ማሳየት ስለሚጠየቅ ከጎረቤቶችዎ ጋር በጋራ ማመልከት ይሻላል። አንድ ገበሬ «አፓርታማ ልሥራ» ቢል ይሳቅበታል፤ 20 ሆነው ሲመጡ ግን ቢያንስ መልስ ይሰጣቸዋል።

መልስ ካልሰጡዎት? ከ15 ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሰው ሌላ ማመልከቻ ያስገቡ። ሁለቱ ኮፒዎች በኋላ «ጠይቄ ተከለከልኩ» ለሚለው ማስረጃ ይሆኑዎታል።

## ደረጃ 4፦ ስብሰባው

አዋጁ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያዩ ያዛል። መሬቱ በአስቸኳይ የሚፈለግ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ሲያጥር ግን ማን፣ ለምን እንዳሳጠረው ይጠይቁ።

ሻይ፣ ውሃ፣ ዳቦ ይቀርባል። ከዚያ አንድ ወረቀት ይዞራል። «የተሳትፎ ፊርማ ነው» ይባላል። ራስጌውን ያንብቡ። ራስጌው ባዶ ከሆነ አይፈርሙ። «ተስማምተናል» የሚል ከሆነ ከስምዎ ጎን በእጅዎ እንዲህ ይጻፉ፦ «ተገኝቻለሁ፤ አልተስማማሁም።» ከዚያ ይፈርሙ፤ ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤት ካሉ አጠገባቸው ይቀመጡ።

ስብሰባው ላይ ጥያቄዎን አጭር ያድርጉት። ስሜት ይገባኛል፤ የአያት መሬት ነው። ግን ቃለ ጉባኤ ያዡ ስሜት አይመዘግብም። «ምትክ መሬት አለ ወይስ ገንዘብ ብቻ? የት? ስንት?» ብለው ይጠይቁና መልሱ መጻፉን ያረጋግጡ።

## ደረጃ 5፦ የልኬታና የቆጠራ ቀን

ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ለቅሶ እንኳ ቢኖር አይቅሩ፤ ካልቻሉ ወኪል ይተው።

1. ከቀያሹ ጋር የማሳውን ዙሪያ ይራመዱ። ድንበርዎን ከሚያውቅ ጎረቤት አንዱን ይዘው።
2. የተለካውን በሄክታር ወይም በካሬ ሜትር ይጠይቁ። በጥማድ አይነጋገሩ፤ ጥማድ ከቦታ ቦታ ይለያያል።
3. ዛፍ በዓይነትና በመጠን ይቆጠር። «ባሕር ዛፍ፣ በግምት 200» ብሎ ነገር የለም። ችግኙ፣ ለወራጅ የደረሰው፣ ለምሰሶ የደረሰው ለየብቻ ይጻፍ።
4. አጥር፣ ጉድጓድ፣ እርከን፣ ቦይ፣ ጎተራ፣ የንብ ቀፎ፣ መቃብር ካለ መቃብር። ሁሉንም ያስጽፉ።
5. ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ባዶ መስመሮቹን በሰያፍ መስመር ይዝጉ። ኮፒ ወይም ፎቶ ይያዙ።

የማይስማሙበት ነገር ካለ? ፊርማ አይከልክሉ፤ «ዛፉ 340 ነው፣ 200 ተብሎ ተመዝግቧል» ብለው ጽፈው ይፈርሙ። አልፈርምም ብለው ቢሄዱ «ሊተባበር አልቻለም» ተብሎ ይጻፍብዎትና የእነሱ ቁጥር ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስታወቂያው ከደረስዎ በኋላ የተተከለ ዛፍ ወይም የተሠራ ቤት ካሣ አያስገኝም። በአንድ ሌሊት የሚበቅል የቆርቆሮ ቤት ትክክለኛውን ንብረትዎንም ያስጠረጥርብዎታል።

## ደረጃ 6፦ ትዕዛዙ ሲደርስ

በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ነገር ያድርጉ። ደብዳቤው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያ 30 ቀን ይቁጠሩ። አዋጁ ለአቤቱታ የሰጠው ጊዜ ትዕዛዙ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው።

ቀን ይቁጠሩ እንጂ ወር አይቁጠሩ። ነሐሴ 20 ደረሰዎት እንበል። ሰው «አንድ ወር አለኝ» ብሎ መስከረም 20 ይሄዳል። ጳጉሜን ረሳት! ከነሐሴ 21 እስከ 30 ያለው 10 ቀን ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ስትጨመር 15። ቀሪው 15 መስከረም 15 ላይ ያልቃል። ጳጉሜ 6 ከሆነች ደግሞ መስከረም 14። ለራስዎ 20ኛውን ቀን የመጨረሻ አድርገው ይያዙ።

ቀጥለው ካሣውን ራስዎ ያስሉ። በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠው፣ የልማት ተነሺ ካሣው ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ነው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠው ግን የአንድ ዓመት ከፍተኛ ገቢ ነው። ቃሉን ያስተውሉ፦ ከፍተኛው እንጂ አማካዩ አይደለም።

ምሳሌ። የሦስቱ ዓመት ገቢ 60,000፣ 75,000 እና 90,000 ብር ነው እንበል። ትክክለኛው 90,000 × 15 = 1,350,000 ብር። ባለሙያው አማካይ ከወሰደ 75,000 × 15 = 1,125,000 ብር። በአንድ ቃል ስህተት 225,000 ብር ጎደለ። የግብርና ባለሙያው መዝገብ የሚያስፈልግዎት ለዚህ ነው። ጭዱንም አይርሱት፤ ከሸጡት ገቢ ነው። የነጠላ ዋጋ ሰንጠረዡ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነም ይጠይቁ። የዛሬ ጤፍ በድሮ ዋጋ ሲሰላ አይቻለሁ።

የንብረት ካሣ (ዛፍ፣ አጥር፣ ቤት) ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱ በአንድ ድምር ተጠቃለው ከመጡ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

## ደረጃ 7፦ አቤቱታውን መጻፍ

አቤቱታው የሚቀርበው ለአቤቱታ ሰሚ አካል ነው። ለሊቀመንበሩ፣ ለከንቲባው፣ ለሬዲዮ አይደለም። ሁለት ገጽ ይበቃል። ቅርጹ ይህን ይምሰል፦

> ጉዳዩ፦ በቁጥር ___ በቀን ___ በተጻፈ የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ላይ የቀረበ አቤቱታ
>
> 1. ትዕዛዙ የደረሰኝ በ___ ቀን ነው።
> 2. የይዞታ ማረጋገጫዬ 1 ሄክታር ይላል። በልኬታ የተያዘልኝ 0.84 ሄክታር ነው። (አባሪ 1፣ 2)
> 3. ካሣው የተሰላው በሦስት ዓመት አማካይ ገቢ ነው። በሕጉ መሠረት መሰላት ያለበት በከፍተኛው ነው። (አባሪ 3)
>
> ስለዚህ ይዞታዬ በድጋሚ እንዲለካ፣ ካሣውም እንደገና እንዲሰላ እንዲወሰንልኝ አመለክታለሁ።

እያንዳንዱ ተራ ቁጥር አንድ ነጥብና አንድ አባሪ ይኑረው። መጨረሻ ላይ ምን እንዲወሰን እንደሚፈልጉ ለይተው ይጻፉ። «ፍትሕ እንዲሰጠኝ» ብቻ ከሆነ ሰሚው ምን ይወስን? የትዳር ጓደኛዎ ስም ደብተሩ ላይ ካለ ሁለታችሁም ፈርሙ።

አካሉ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የተቀበሉበትን ቀን ይመዝግቡ። ሌላ ቆጠራ ተጀመረ።

30 ቀኑ አልፎ ከሆነ? ተስፋ አይቁረጡ፤ መጀመሪያ «መቼ ደረሰኝ?» የሚለውን ይመርምሩ። የአጎቴ ደብዳቤ የተሰጠው ቤት ለነበረ ልጅ ነው፤ እሱ እጅ የገባው ከዘጠኝ ቀን በኋላ። የመረከቢያው ፊርማ የእሱ አልነበረም። ያንን ይዘን አመለከትን፤ አቤቱታው ተቀባይነት አገኘ። መሬቱ አልተመለሰም፤ ልኬታው ግን ተስተካከለ። ሕመም ወይም ወሊድ ከነበረም የሐኪም ወረቀት አያይዘው የዘገዩበትን ምክንያት ያስረዱ።

«አቤቱታ ሰሚ አካል እኛ ጋ አልተቋቋመም» ካሉዎት? ይህንኑ በደብዳቤ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ካልጻፉ ማመልከቻውን ትዕዛዙን ለሰጠው ቢሮ መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ቀኑ እንዳይቃጠል።

## ደረጃ 8፦ ይግባኝ

በውሳኔው ካልተስማሙ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቀርባሉ። እዚያም ካልረኩ ውሳኔው በጽሑፍ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት። ደረጃ መዝለል አይቻልም። በቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው «መጀመሪያ እዚያ ጨርስ» ተብሎ ይመለሳል፤ ሲመለስ ቀኑ አልፏል።

ይግባኙ ላይ አዲስ ታሪክ አይጀምሩ። ከታች ያነሱትን ነጥብ ይዘው፣ የታችኛው አካል የትኛውን ማስረጃ እንዳላየ ወይም የትኛውን አንቀጽ እንደሳተ ያሳዩ።

ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ይሞክሩ። ለዳኝነት መክፈል ካልቻሉ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አውጥተው «በደሃ ደንብ» ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለእንባ ጠባቂ ወይም ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ማመልከት ጥሩ ነው። ግን ቀን አያቆምም። ጎን ለጎን እንጂ በምትኩ አያድርጉት።

## ደረጃ 9፦ ገንዘቡና ርክክቡ

ካሣው ከተከፈለ በኋላ መሬቱን ለማስረከብ 120 ቀን አለ። መሬቱ ላይ ሰብልም ንብረትም ከሌለ ግን 30 ቀን ብቻ ነው። ገንዘቡን ሳይከፍሉ ዶዘር ካመጡ ፎቶ ያንሱ፣ ሦስት ምስክር ይያዙ፣ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያመልክቱ። ዶዘር ፊት አይቁሙ። ክስ ወደ እርስዎ ይዞራል።

ስሌቱን እየተከራከሩ ገንዘቡን ሲቀበሉ ደረሰኙ ላይ «በካሣው መጠን ላይ ያለኝ አቤቱታ እንደተጠበቀ ሆኖ ተቀብያለሁ» ብለው ይጻፉ። አይጻፍም ካሉዎት ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ቀን መዝገብ ቤት ያስገቡ። ሒሳቡን በባልና ሚስት የጋራ ስም ይክፈቱ።

ሲያስረክቡ የርክክብ ሰነድ ይጠይቁ፤ ስፋቱ፣ ቀኑ፣ የተረካቢው ስምና ማኅተም ይኑርበት። ምትክ ቦታ ቃል ከተገባልዎ የቦታው አድራሻና ስፋት እዚሁ ሰነድ ላይ ይጻፍ። «በቅርቡ ይሰጣችኋል» የሚል ከሆነ ካርታው እጅዎ እስኪገባ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ማመልከቻ ያስገቡ፤ የእያንዳንዱን ማኅተም ያለበት ኮፒም ክላሰሩ ውስጥ ያስቀምጡ።